ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ልብስ

የመስቀል ማግስት ነው። ጎንደር አራዳ ባለችው የስፌት ቤቴ በረንዳ ላይ አንዲት ፈረንጅ ቆመው የሰቀልኳቸውን ጋቢዎች ይዳስሳሉ። ቱሪስት ጋቢ ሲያነሳ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ጥለቱ ነው፤ ዋጋ ይጠይቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። እኚህ ግን ጋቢውን ገልብጠው የስፌቱን ጀርባ ያያሉ። የስፌት ጀርባ የሚያይ ሰው ወይ ልብስ ሰፊ ነው፣ ወይ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። የስፌት መኪናዬን አቁሜ ልጄን ከጓዳ ጠራኋት። የእኔ እንግሊዝኛ ዋጋ ከመናገር አያልፍም። እሷ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ እንግሊዝኛዋን ከመጽሐፍ ይልቅ ከስልኳ ነው የተማረችው፣ ግን ጥሩ ነው ይሉኛል።

ሴትዮዋ ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው ነርስ ናቸው። ከፔንሲልቬንያ፣ ከሐኪሞች ጋር፣ ለአንድ ወር የበጎ ፈቃድ ሥራ የመጡ። የፈለጉት የጠረጴዛ ልብስ ነው፦ የአገር ጥጥ፣ ነጭ፣ ጥለት የሌለው።

«ጥለት የሌለው ነጭ እኛ ዘንድ መግነዝ ነው የሚመስለው» አልኳቸው። ልጄ ይህን ለመተርጎም አፈር አለች። ስትነግራቸው ግን ሳቁ። እናታቸው በሠርጋቸው ዕለት የታጠቁትን ነጭ ሽርጥ አጥበውና አጥፈው ለቀብራቸው በሣጥን አስቀምጠውታል። በሰፈራቸው ሙሽራ ነጭ ቀሚስ አትለብስም፤ ቀሚሱ ሰማያዊ ነው፤ ነጩ ከላይ የሚደረበው ሽርጥ ነው። እሱንም ሁለት ጊዜ ነው የሚለብሱት፤ ሁለተኛውን ራሳቸው አያዩትም።

እንግዳዬ አሚሽ ሆነው ነው ያደጉት፤ አሚሽ በአሜሪካ ከዘመናዊ ኑሮ ራሱን አርቆ የሚኖር የክርስቲያን ማኅበር ነው። አሚሾችን እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቃቸው በቴሌቪዥን ጥቁር ጋሪ ሲነዱ ነበር።

ወደ ልኩ ገባን። ርዝመቱ፣ ዳር ዳሩ ከሚንጠለጠለው ውጪ፣ ሦስት ሜትር ከአርባ። ትልቅ ጠረጴዛ ነው ስል፣ አንድ አይደለም ሁለት ነው አሉ፤ አንዱ ሁለት ሜትር ከአርባ፣ ሌላው አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው። ታዲያ ሁለት ልብስ ልስፋልዎት፣ ለእኔም ይቀልለኛል ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ነው የሚሆነው። «ጠረጴዛዎቹ ይነካካሉ?» አልኩ፤ ልክ ለመያዝ እንጂ ለሌላ አልነበረም። ቀኝ እጃቸውን አንስተው አራት ጣቶቻቸውን ገጠሙና አሳዩኝ። ይህን ያህል ይራራቃሉ። ልብሱ ክፍተቱን ይሸፍነዋል።

ሠላሳ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ገጥሞኝ አያውቅም። ሜትሩን አንገቴ ላይ ጣልኩና ልጄን ቡና አፍዪ አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳዬ አንድ ታናሽ ወንድም አላቸው። በሃያ ዓመቱ ተጠመቀ፣ በማኅበሩ ፊት ተንበርክኮ ቃል ገባ፣ ሦስት ዓመት ቆይቶ ግን መኪና ገዛና ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተጠመቀ አሚሽ ከእሱ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም። ቤት አይከለከልም፣ ሰላምታ አይነፈግም፣ ቢታመም ያስታምሙታል፤ ገበታው ግን ይለያል። እናትየው ልጃቸውን ጥግ ለጥግ ለብቻው ማስቀመጥ ሆዳቸው አልቻለም፤ ሕጉንም መሻር አልቻሉም። ሁለት ጠረጴዛ ገጠሙ፣ አራት ጣት አራራቁ፣ በላዩ አንድ ጨርቅ ዘረጉ። ከሩቅ ለሚያይ አንድ ገበታ ነው። ይህን ያደረጉ የአሚሽ እናቶች እሳቸው ብቻ አይደሉም፣ ብዙ ቤት አለ አሉኝ።

«እርስዎስ?» አለች ልጄ፣ ሳልነግራት። «እርስዎም ትተው ወጥተዋል አይደል?»

እሳቸው የትኛውም ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ይችላሉ። ምክንያቱም ሳይጠመቁ ነው የወጡት። በአስራ ዘጠኝ ዓመታቸው።

ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ያደረው ይህ ነው። ሁለት የአንድ እናት ልጆች ከአንድ ቤት ወጡ፤ አንደኛዋ ከመሐላው በፊት፣ አንደኛው ከመሐላው በኋላ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አራት ጣት ነው፣ ያም ዕድሜ ልክ አይጠብም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ልጄ ስልኳ ላይ እየፈለገች ታነብልኛለች፤ እኔ ቅምቅማት እየሠራሁ እሰማለሁ። የእምነታቸው ነገር የተጀመረው ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ዙሪክ ላይ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በጥር 1525 ነው። ኮንራድ ግሬብል የሚባል ወጣት፣ ቀድሞ ቄስ የነበረውን ጌኦርግ ብላውሮክን አጠመቀው። ሁለቱም በሕፃንነታቸው የተጠመቁ ናቸው። ሕፃን ሳያውቅ የተቀበለው ጥምቀት አይቆጠርም ብለው ነው እንደገና የጀመሩት። የከተማዋ ምክር ቤት በተከታዩ ዓመት ዳግመኛ ያጠመቀ በውኃ ይሙት ብሎ ደነገገ። ፌሊክስ ማንዝ የሚባለው ጓደኛቸው ጃንዋሪ 5 ቀን 1527 እጁ ታስሮ ሊማት ወንዝ ውስጥ ተጣለ።

ጎረቤቴ መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ። በዚያ ዘመን ፈረንጆቹም የዘመን አቆጣጠራቸውን ገና አላሻሻሉም ነበርና፣ ዕለቱን ወደ እኛ ይመልሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። በጣታቸው ጥቂት ቆጠሩና «ጥር 10 ቀን 1519፣ በዐፄ ልብነ ድንግል» አሉኝ። ቀና ብለው አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ጥር 10 ከተራ ነው። እኛ ታቦታቱን አጅበን ወደ ውኃ በምንወርድበት ዕለት፣ እነሱ አንድ ሰው ስለ ጥምቀት ብለው ውኃ ውስጥ ጨመሩት። መሪጌታ ዳግመኛ ጥምቀትን ቢጠሉም (በሃይማኖታችን ጥምቀት አንዲት ናት፤ እኔም ከዚህ አልወጣም) ለዚያ ሰው ነፍስ ይማር አሉ።

የአሚሽ ስም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያዕቆብ አማን የሚባል ሽማግሌ እንደ ፈረንጆቹ በ1693 ከስዊስ ወንድሞቹ ጋር ተጣልቶ ተለየ። ዋናው ጠብ ምን መሰላችሁ? ገበታ ነው። የተወገዘ ሰው ከቅዱስ ቁርባን ብቻ ይከልከል ወይስ ከቤት ገበታም ይለይ? አማን ከገበታም ይለይ አለ። እኔን የገረመኝ ዘመኑ ነው። ያኔ እኛ ከተማ ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠዋል፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተሠራችው በዚያው በ1690ዎቹ ነው፣ የእኛም ሊቃውንት በቅባትና በተዋሕዶ ነገር ሲከራከሩ ነበር። እዚህም እዚያም ሰው ይወጋገዛል። በነገራችን ላይ ከዚያው ግንድ የበቀሉት ሜኖናይቶች ለእኛ እንግዳ አይደሉም፤ ናዝሬት ላይ ሆስፒታል የከፈቱት፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከሥራቸው የተነሣችው እነሱ ናቸው።

እንግዳዬ በሦስተኛው ቀን ጨርቁን ሊያዩ መጡ። የእኛ ሸማኔ የሚሠራው ጨርቅ ስፋቱ ለጠረጴዛ ስለማይበቃ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን አጋጥሜ፣ በእጄ ወስውሼ፣ ወደ መኪና ላስገባ ስል መብራት ሄደ። ከጎኔ ያለው የኤሌክትሪክ ስፌት ቤት ጸጥ አለ። የእኔ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ነው፤ ቀጠልኩ። እንግዳዬ ፈገግ ብለው እናታቸው ተመሳሳይ መኪና እንዳላቸው ነገሩኝ። መብራት ኃጢአት ነው ብለው አይደለም አሉ። ሽቦው ነው ችግሩ። ሽቦው ቤትህን ከዓለም ጋር ያስረዋል፣ ዓለም ደግሞ በሽቦው ተመልሶ ይገባል። ባትሪ ይጠቀማሉ፣ በናፍጣ ሞተር አየር አምቀው መጋዝ ያዞራሉ። እያንዳንዱ ደብር ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደማይፈቀድ የራሱ ያልተጻፈ ሥርዓት አለው፤ ኦርድኑንግ ይሉታል። እኛ ሰፈር ሽቦው ገብቷል፣ ዓለምም ገብቷል፣ መብራቱ ብቻ ነው የሚቀረው።

ቁልፍ ነገር ላይ ስንደርስ ሙያዬ ስለሆነ ብዙ ቆየሁ። የወንዶቹ ኮት ቁልፍ የለውም፤ በመንጠቆና በቀለበት ነው የሚያያዘው። የሴቶቹ ልብስ በብዙ ቦታ በስፒል ይያዛል። ቁልፍ የወታደር ልብስ ጌጥ ነበረና እነሱ ጦር አይወዱም። ያገባ ወንድ ጺሙን ያሳድጋል፣ የላይኛውን ከንፈር ግን ይላጫል፤ እሱም የወታደር ምልክት ነበር ይባላል። ድሮ በአውሮፓ ሳሉ ሰው «መንጠቆዎቹ» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ቁልፍ የሚያደርጉት ወንድሞቻቸው ደግሞ «ቁልፎቹ»። አንድን ሕዝብ በልብስ ሰፊ ዓይን የሰየመ ሰው ከሰማሁ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጄን የገዛት ግን ሌላ ነው። አሚሽ ልጅ አስራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከወላጆቹ ቁጥጥር በከፊል ይለቀቃል። ዘመኑ ሩምሽፕሪንጋ ይባላል። ቤት ውስጥ የሚናገሩት ከጀርመንኛ የተወለደ ቋንቋ ነው፣ በመጽሐፍ የሚያነቡት ሌላ ጀርመንኛ ነው፣ ለውጪ ሰው እንግሊዝኛ፤ የእኛን ግዕዝና አማርኛ አስቡት። ልጄ ቃሉን በእንግሊዝኛ አስፈትታ «ወዲያ ወዲህ መዝለል» አለችኝ። ቆይታ ራሷ አረመችው፦ «አይ አባባ፣ መቦረቅ ነው። እንደ እንቦሳ።»

ቴሌቪዥን ያሳየን ሰካራም ጎረምሶች ጥቂቶቹን ናቸው አሉ እንግዳዬ። መኪና የሚነዱ፣ የሚጠጡ፣ ጂንስ የሚለብሱ አሉ። የአብዛኛው ልጅ ቡረቃ ግን እሑድ ማታ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ቤት ተሰብስቦ መዘመር ነው፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን፣ መካከል ረጅም ጠረጴዛ። አባት ለልጁ የራሱን ጋሪና ፈረስ ይገዛለታል። ከዝማሬ በኋላ ጎረምሳው ኮረዳዋን በጋሪው ወደ ቤቷ ያደርሳታል። ቤተ ክርስቲያኑ በእነዚህ ልጆች ላይ ሥልጣን የለውም፤ ገና አልተጠመቁም፣ ያልገባ ሰው አይወገዝም። ወላጅ ግን በሌሊት ጋሪ እስኪሰማ ድረስ አይተኛም።

«እኔም እኮ አስራ ስድስት ካለፈኝ ዓመት ሆኖኛል» አለች ልጄ እየተረጎመች። ይህ ትርጉም ይሁን የራሷ ንግግር ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ።

«አንቺ የምትቦርቂው ከፈተና በኋላ ነው።»

ሳይጠመቁ በቤተ ክርስቲያናቸው ማግባት የለም፤ ስለዚህ የወደደ ልጅ ወደ ጥምቀቱ ይሳባል። ሠርጉ መከር ከገባ በኋላ ነው፣ በእነሱ አውራጃ ማክሰኞና ሐሙስ። እስከ መጨረሻው ምሥጢር አድርገው ይይዙታል፤ ለሠርግ የሚበላ ሴለሪ የሚባል ቅጠል ግን አለ፣ እናቲቱ ያንን በብዛት ከተከለች ጎረቤት ያውቃል። እዚህም ሴት ብቅል በብዛት ካሰጣች ማን ይጠይቃታል? ልጇን ልትድር ነው።

ከአስር ልጆች ስምንቱ ዘጠኙ ተመልሰው ይጠመቃሉ። እንግዳዬም ሊጠመቁ ነበር። በጋውን ሙሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ ሕዝቡ በአንዱ ገበሬ ቤት ተሰብስቦ የመጀመሪያውን መዝሙር ሲጀምር፣ እሳቸውና እኩዮቻቸው ከሰባኪዎቹ ጋር ወደ ሌላ ክፍል ገብተው እንደ ፈረንጆቹ በ1632 የተጻፉትን አስራ ስምንት የሃይማኖት አንቀጾች ይማሩ ነበር። (የዝማሬያቸው ነገር ለብቻው ያስወራል። መጽሐፉ አውስቡንድ ይባላል፣ የቀደሙት መዝሙሮች ፓሳው በሚባል ከተማ ግንብ ውስጥ የታሰሩ ሰዎች የደረሷቸው ናቸው። ዜማው አልተጻፈም፤ ከአፍ ወደ አፍ ነው። አንዱ መዝሙር ብቻ ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ጎንደሬ በዚህ አይደነግጥም።)

ከጥምቀቱ በፊት ባለው ቅዳሜ የመጨረሻ ጊዜ ይጠራሉ። ጳጳሱ ለመመለስ ዛሬም በሩ ክፍት ነው ይላቸዋል፤ ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል። ለወንዶቹ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ፦ ወደፊት ለሰባኪነት ዕጣ ቢወጣባቸው እምቢ እንደማይሉ ይስማማሉ። ሰባኪ የሚመረጠው እንደ ማትያስ ነው። መዝሙር መጻሕፍት ይደረደራሉ፣ በአንዱ ውስጥ ወረቀት አለ፣ ወረቀቱ የወጣበት ገበሬ ያለ ደመወዝ ዕድሜ ልኩን ይሰብካል። ሲወጣባቸው የሚያለቅሱ አሉ።

እሑድ ጧት ዕጩዎቹ ይንበረከካሉ፣ ዲያቆኑ በጳጳሱ እጆች ላይ ውኃ ያፈስሳል፣ ውኃው ሦስት ጊዜ በራሳቸው ላይ ይወርዳል። ጳጳሱ ወንዶቹን እጃቸውን ይዞ ያነሳቸውና ይስማቸዋል፤ ልጃገረዶቹን የጳጳሱ ሚስት ትስማቸዋለች።

እንግዳዬ በዚያ ቅዳሜ «አልችልም» አሉ። መማር ይፈልጉ ነበር። ጳጳሱ አልተቆጣም፣ እናታቸው አለቀሱ።

«ቀሚሱስ?» አልኩ።

ልጄ ገላመጠችኝ። ግን መጠየቅ የነበረበት ይህ ነው። ለጥምቀት የተሰፋ ቀሚስ እንደነበረ ግልጽ ነው፤ እናት ለልጇ ሳትሰፋ አትቀርም። እንግዳዬ ጥቂት ዝም አሉ። ቀሚሱ ሁለት ዓመት ተሰቅሎ ከረመ፣ ከዚያ እናትየው ወገቡን አጥብባ ታናሽ እህታቸው ለብሳ ተጠመቀችበት። የማጥበቢያው ስፌት በጣም ጥሩ ነበር አሉ፤ ከጀርባው ካልሆነ አይታይም።

እኔስ ማን ጠየቀኝ? ደንቢያ ነው የተወለድኩት። በአርባ ቀኔ ተጠመቅሁ። ማተቤን ማን እንዳሰረልኝ አላየሁም፤ ዓይኔን ስገልጥ አንገቴ ላይ ነበር። በአስራ ሁለት ዓመቴ አባቴ አንድ ማለዳ ደበሎ አልብሰው፣ አኩፋዳ አስይዘው ለመምህር ሰጡኝ። እሱንም አልተጠየቅሁም። ብጠየቅ እሺ ነበር የምለው፤ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ለአባቱ ሌላ ምን ይላል? ከደጅ ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ለመንኩ፤ የግራ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያለው የውሻ ጠባሳ የዚያ ነው፣ መኪና ስረግጥ ዛሬም ይታየኛል። ዳዊት ደገምኩ። ቅኔ ገባሁ። ሁለት ቤት የሆነችውን ጉባኤ ቃና መቁጠር ስጀምር፣ ዘአምላኪየ ሳልደርስ፣ በአስራ አምስት ዓመቴ አንድ ሌሊት ጠፋሁ።

አላባረሩኝም። ቤት ስመለስ እናቴ እግሬን አጠበችኝ። አባቴ ግን ከእኔ ጋር በአንድ መሶብ እየቀረቡ ጉርሻ ከለከሉኝ። ለእናቴ ያጎርሳሉ፣ ለወንድሞቼ ያጎርሳሉ፣ እኔ ጋር ሲደርሱ እጃቸው ወደ ወጡ ይመለሳል። ምንም አልተናገሩም። ይህ እስከ ሠርጌ ቀን ቀጠለ። አራት ጣት የሚለውን የገባኝ ለዚህ ነው።

መሪጌታ የእኔ ነገር ሌላ ነው ይላሉ፤ ትምህርት መተው ሃይማኖት መተው አይደለም። ልክ ናቸው። እኛ ዘንድ ወደ ኋላ የማይመለስ መሐላ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ባለቤቴና እኔ በሰማኒያ ከተጋባን አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆነን፤ ቁርባን አልቆረብንም። እናቴ በየፋሲካው ትጠይቃለች፣ እኛ በየፋሲካው ገና ነን እንላለን። ቁርባን ከተፈጸመ መፋታት የለም፣ አኗኗርም ሊታረም ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ለእርጅና ያቆየዋል። በመንገዳችን ካሉት ባለትዳሮች በወጣትነታቸው የቆረቡትን በአንድ እጅ እቆጥራቸዋለሁ። አሚሾች ልጁን ሃያ ዓመት ሳይሞላው ወይም ሞልቶት በሩ ላይ አቁመው ግባ ወይም አትግባ ይሉታል። እኛ ሳያውቅ አስገብተን፣ የውስጠኛውን በር ስድሳ ዓመት ድረስ ክፍት እንተውለታለን። የቱ ይሻላል ብትሉኝ የእኛን እወዳለሁ፤ የምወደው ግን ለፈሪ ስለሚመች እንዳይሆን እጠረጥራለሁ።

ልጄ በዚህ አትስማማም። እሷን ያናደዳት የትምህርቱ ነገር ነው። የአሚሽ ልጅ በስምንተኛ ክፍል፣ በአስራ አራት ዓመቱ ግድም፣ ትምህርት ይጨርሳል። ዊስኮንሲን ውስጥ ልጆቻቸውን ከዚያ በላይ አናስተምርም ያሉ አባቶች እያንዳንዳቸው አምስት ዶላር ተቀጡ፣ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1972 አባቶቹ ረቱ። አንድ ዳኛ ብቻ፣ ዊልያም ዳግላስ፣ ልጆቹን ማን ጠየቃቸው የሚል የተለየ ሐሳብ ጻፈ። ልጄ ይህን ስታነብልኝ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ይኸው!» አለች፣ ዳኛውን ከቤታችን ያስነሳችው ይመስል። እውነቷን ነው። በአስራ አራት ዓመቱ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ በአስራ ስምንት ዓመቱ ምረጥ ቢባል ምን ይዞ ይመርጣል? እንግዳዬ ነርስ ለመሆን የአራት ዓመት ትምህርት ከዜሮ መጀመር ነበረባቸው፤ ለዚያውም ከቤት ወጥተው፣ ሰው ቤት እየሠሩ። ግን እኔም እላለሁ፦ አባቴ ለመምህር ሲሰጡኝ ዓለምን ሊነፍጉኝ አልነበረም። የሚያውቁትን ትልቁን ነገር ነው የሰጡኝ። ይህን ለልጄ ነገርኳት። «እሱም እውነት ነው፣ ግን መጠየቅ ምን ይከፈልበታል?» አለች። መልስ አላገኘሁላትም፤ ክር ልግዛ ብዬ ወጣሁ።

ልብሱን በሁለተኛው ሳምንት ጨረስኩት። ዳር ዳሩን በእጅ ነው የቀመቀምኩት፣ በመኪና አላስነካሁትም። መካከል ላይ፣ ሁለቱ ቁራጮች የተጋጠሙበት ስፌት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ከጀርባው ዘምዝሜ ክሩን ደበቅሁት። እንግዳዬ ገለበጡት፣ በአውራ ጣታቸው ተከትለው ሄዱ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጠየቅሁት በላይ ሊከፍሉ ሲሉ አልተቀበልኩም፤ ባለቤቴ ግን ከዋጋው ላይ አንድ ኪሎ ሽሮ ጨምራ ላከችላቸው። የመሶብ ነገር ስንነግራት ዝም ብላ ነበር የሰማችው። ማታ ላይ «ለመሆኑ የእኛስ?» አለችኝ። የቱን ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ። ከፋሲካ በፊት የንስሐ አባታችንን እናነጋግር አልኩ፤ «ባለፈውም እንዲሁ ነው ያልከው» ብላ መብራቱን አጠፋች።

ታኅሣሥ ላይ በልጄ ስልክ ፎቶ መጣ። አሚሾች ፊት ለፊት ቆመው ፎቶ መነሳት አይወዱም፤ ስለዚህ ሰው የለበትም። የእንጨት ወለል፣ መጋረጃ የሌለው መስኮት፣ የእኔ ነጭ ልብስ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ። መጀመሪያ ያየሁት ስፌቱን ነው፤ ቀጥ ብሏል። ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ጨርቁ በትንሹ ሰርጎድ ያለበት ቦታ አለ፣ ካላወቁት አያዩትም።

ልጄ በሁለት ጣቷ አቀረበችውና ሳህኖቹን ቆጠረች። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘጠኝ። በአጭሩ ላይ ሁለት።

«ሁለት?» አልኩ። «ወንድሙ አንድ ነው እንጂ።»

«ሁለተኛው የእሳቸው ነው፣ አባባ» አለችኝ።